ኬረላ በ9 ቀን፦ "አለቃው ማነው?" እያልኩ የዞርኩበት ጉዞ

እኔ አዲስ አበባ አንድ ወረዳ ውስጥ ፕላን ክፍል ነው የምሰራው፣ ስራ ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ታናሽ ወንድሜ ህንድ አገር ኬረላ የምትባል ግዛት ውስጥ ዶክትሬቱን እየተማረ ስለሆነ የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ በእኛ በ2017 ጥር መጨረሻ ልጠይቀው ሄድኩ። ሰው ህንድ ሲሄድ ታጅ ማሃል ፊት ፎቶ ተነስቶ ይመጣል፣ እኔ የስራ ነገር ሆኖብኝ የመንግሥት ቢሮ በር በር እያየሁ ዞሬ መጣሁ። ወንድሜ "አንተ ሰውዬ ለእረፍት ነው የመጣኸው ለሱፐርቪዥን?" እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። ስልኬ ላይ ስሞነጫጭር የነበረውን ነው ቤት ገብቼ ያስተካከልኩት።

ጥር 28 ረቡዕ፣ ቲሩቫናንታፑራም

ሻርጃ ላይ ቀይረን ስንሳፈር አውሮፕላኑ ጢም ብሎ የሞላው በኬረላ ሰው ነው፣ ሁሉም ካርቶኑን በገመድ ጠፍሮ አስሮ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ 22 ዓመት ሙሉ አረብ አገር ሹፌር ነበርኩ አለኝ። ወሬ ስንጀምር ግዛታችን ውጭ አገር ላለነው ለብቻው ዲፓርትመንት አላት፣ ኖርካ ይባላል፣ ከ1996 ጀምሮ አለ ብሎ አወራኝ (ከዚህ በኋላ ዓመት ስጠራ "በእኛ" ካላልኩ በፈረንጆቹ ነው)። ልብ በሉ፣ ዴልሂ ያለው መንግሥት አይደለም፣ ግዛቷ ራሷ ናት። የእኛ ልጆች ቤሩት ወይ ሪያድ ላይ ችግር ሲገጥማቸው ኤምባሲ ይደውላሉ እንጂ ክልላቸው ቢሮ ይደውላሉ ብዬ አስቤም አላውቅ።

የከተማዋን ስም ለመጥራት አየር መሳብ ያስፈልጋል። ወንድሜ በድሮው ስሟ ትሪቫንድረም ነው የሚላት፣ እኔም ከሁለት ሙከራ በኋላ ተከተልኩት። ከኤርፖርት ስንወጣ ሙቀቱ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ የጣሉብኝ ያህል ነበር፣ ጥር ወር ላይ! ጃኬት ለብሼ የወረድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወንድሜ የተከራየው ከአንድ ጡረተኛ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱን አንክል፣ ሚስታቸውን አንቲ ነው የምንላቸው፣ እሳቸው ደግሞ እኔን "ሞኔ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው፣ 46 ዓመቴ መሆኑን ብነግራቸውም አልተዉትም። አንክል 31 ዓመት የግዛቲቱ ሴክሬታሪያት ውስጥ ፋይል ሲያመላልሱ ኖረው ነው የወጡት። ወረዳ ሰራተኛ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። የመጀመሪያ ጥያቄዬ "እዚህ ግዛት ውስጥ ዋናው አለቃ ማነው?" የሚል ነበር። ሳቁና "የቱ አለቃ?" አሉኝ።

እራት አፓም ነበር። ከተቦካ ሩዝና ከኮኮናት የሚጋገር፣ መሀሉ ወፈር ብሎ ስፖንጅ የመሰለ፣ ጫፉ እንደ ዳንቴል የሳሳ፣ ዓይን አለው በሉት። አንቲ እያየችኝ በእጄ ቆርሼ ወጡን ጠቅለል ሳደርግ በጣም ተደሰተች፣ ፈረንጆቹ ማንኪያ ነው የሚጠይቁት አለች። ከእንጀራ ጋር የስጋ ዘመድ ናቸው ብያለሁ። ግን መጥገብ ላይ አይደርስም፣ ሰባት በላሁ።

ጥር 29 ሐሙስ፣ ስታቹ አደባባይ

ጠዋት በአውቶ ሪክሾ ሄድን፣ መነሻው 30 ሩፒ ነበር፣ ሜትር አለው። አንድ ሩፒ በዚያ ሰሞን አንድ ብር ተኩል ገደማ ስለነበር ሁሉን በልቤ ሳበዛ ነው የዋልኩት። ቦታው ስታቹ ይባላል፣ ሐውልት ማለት ነው፣ የድሮው የትራቫንኮር ንጉሥ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው የማዳቫ ራኦ ሐውልት እዚያ ስለቆመ። ፊት ለፊቱ ነጩ ሴክሬታሪያት ነው፣ በ1869 በንጉሡ ጊዜ የተሰራ። አሁን ቺፍ ሚኒስትሩም ሚኒስትሮቹም የየመስሪያ ቤቱ ሴክሬታሪዎችም እዚያና ዙሪያው ናቸው። ግን እኔን የገረመኝ ሕንፃው አይደለም፣ አጥሩ ነው። አጥሩን ተከትሎ የተቃዋሚ ድንኳን ተደርድሯል። ደሞዝ አልተከፈለንም የሚል፣ ቅጥር ይፈጸምልን የሚል፣ አንዱ ጋ ምንጣፍ አንጥፈው የተኙ አሉ፣ ፖሊሱ አጠገባቸው ቆሞ ጋዜጣ ያነባል። አንክል "እኔ ስሰራ በየቀኑ አንድ ሰማራም ነበር፣ ጫጫታ የሌለ ቀን በዓል መሆኑን አውቃለሁ" አሉኝ። ሰማራም ሰላማዊ ሰልፉም አድማውም ነው።

ከዚያ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ኮፊ ሃውስ ወሰዱን። ይሄ ቤት ለብቻው መጻፍ ነበረበት። ቀይ ጡብ ነው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠምዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ደረጃ የለውም፣ ጠረጴዛዎቹ ዳገቱን ይዘው ተደርድረዋል፣ አስተናጋጆቹ ማራገቢያ የመሰለ ጥምጥም አናታቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ላውሪ ቤከር የሚባል እንግሊዝ ተወልዶ ህንዳዊ የሆነ አርክቴክት ነው የሰራው፣ ቤቱም የሰራተኞቹ የኅብረት ስራ ማኅበር ነው። ቡናው... እኛ አገር ተወልዶ ቡና ጠጥቶ ላደገ ሰው ወተት ነው በሉት። ዝም ብዬ ጠጣሁ።

አንክል የስኳር ዕቃውን ከላይ አስቀመጡ። ይሄ ገቨርነር ነው። ከስሩ ብርጭቆ፣ ይሄ ቺፍ ሚኒስትር። ከዚያ ማንኪያዎች፣ ሚኒስትሮች። ገቨርነሩን የሚሾመው የህንድ ፕሬዝዳንት ነው፣ ያው ዴልሂ ያለው መንግሥት ማለት ነው። የመንግሥት ትእዛዝ ሁሉ በእሱ ስም ይወጣል፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ረቂቅ ያለ እሱ ፊርማ ሕግ አይሆንም፣ ግን በአብዛኛው የሚሰራው ሚኒስትሮቹ በሚሉት ነው። ቺፍ ሚኒስትር የሚሆነው 140 ወንበር ባለው ምክር ቤት፣ ኒያማሳባ ይሉታል፣ አብላጫ ያለው ሰው ነው። ሚኒስትሮቹም ከምክር ቤቱ ናቸው፣ ቁጥራቸው ደግሞ ከምክር ቤቱ 15 በመቶ አይበልጥም፣ በ2003 የመጣ ማሻሻያ ነው፣ በፊት ፓርቲ ለማስደሰት ሚኒስትር እንደ ማስቲካ ይታደል ነበር አሉ። የ140 15 በመቶ 21 ነው፣ ኬረላም ያኔ ቺፍ ሚኒስትሩን ጨምሮ 21 ሞልታ ነበር የያዘችው። እኔ በሄድኩ ጊዜ ቺፍ ሚኒስትሩ ፒናራይ ቪጃያን ነበሩ፣ የኮሚኒስት ፓርቲ ሰው፣ በ2016 የያዙት።

እዚህ ጋ አቋረጥኳቸው። እኛ ጋ ክልል የራሱ ሕገ መንግሥት አለው፣ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ከላይ የሚሾም ገቨርነር የሚባል ነገር የለም አልኳቸው። አንክል ተገረሙ። "እኛ ሕገ መንግሥታችን አንድ ነው፣ ዴልሂ ያለው ፓርላማ ቢፈልግ ግዛትን ለሁለት ይከፍላል" አሉ። እውነትም ነው፣ በ2014 ቴላንጋና ከአንድራ ፕራዴሽ ስትነጠል የአንድራ ምክር ቤት አልፈልግም ብሎ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፣ ማንም አልሰማውም። ወረቀት ላይ ስታየው የእኛ ክልል ከእነሱ ግዛት የገዘፈ ስልጣን አለው። ወረቀት ላይ ነው ያልኩት።

"እና ዴልሂና ግዛቱ የተለያየ ፓርቲ ሲሆኑስ?" አልኩ። ይሄን ጊዜ አንክል ኮፊውን አስቀምጠው ተመቻቹ።

በየዓመቱ መጀመሪያ ገቨርነሩ ምክር ቤት ገብቶ ንግግር ያነባል። ንግግሩን የሚጽፈው ግን የግዛቱ ካቢኔ ነው፣ እሱ "የእኔ መንግሥት" እያለ ያነባል። የበፊቱ ገቨርነር አሪፍ መሐመድ ካን ከግዛቱ መንግሥት ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ፣ በጃንዋሪ 2024 ገብተው ያንን ሁሉ ገጽ ትተው የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ አንብበው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የተማሪ ማኅበር ጥቁር ባንዲራ ሲያሳያቸው ከመኪናቸው ወርደው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ፊት ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፣ ሰዎቹ ካልታሰሩ አልነሳም ብለው ሁለት ሰዓት ገደማ። ወንድሜ ቪዲዮውን አሳየኝ፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ለምን ተቀመጡ? ፖሊስ የግዛቱ ስልጣን ነው፣ ፖሊሱ የሚታዘዘው ቺፍ ሚኒስትሩን ነው። ስሙ ከሁሉ በላይ የሆነው ሰውዬ አንድ ኮንስታብል ማዘዝ አይችልም። በኋላ ዴልሂ የራሷን የፌደራል ጠባቂ ላከችላቸው።

አንክል ግን ከሳቁ በኋላ ኮስተር አሉ። በ1957 ኬረላ በምርጫ ኮሚኒስቶችን አወጣች፣ ኢ ኤም ኤስ ናምቡዲሪፓድ ቺፍ ሚኒስትር ሆኑ፣ የመሬትና የትምህርት ሕግ ሲያወጡ አገር ተናወጠ፣ በጁላይ 1959 ዴልሂ አንቀጽ 356 ብላ መንግሥቱን አፈረሰችው። አንክል ያኔ ሕፃን ነበሩ፣ አባታቸው ሬዲዮኑን አጥፍተው እራት ሳይበሉ እንደተኙ ነው የሚያስታውሱት። ይሄ አንቀጽ ለብዙ ዓመት እንደ ልብ ሲመዘዝ ቆይቶ በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቦማይ በሚባለው የካርናታካ ቺፍ ሚኒስትር ጉዳይ ላይ ልጓም አበጀለት፣ አብላጫ አለ የለም የሚለካው ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ ተሰጥቶ ነው እንጂ በገቨርነር ግምት አይደለም ብሎ።

ሂሳብ ለአራት ሰው ኮፊና ኦምሌት 300 ሩፒ እንኳን አልሞላም። አንክል አላስከፍልም ብለው ከወንድሜ ጋር ተጓተቱ፣ እንደ እኛው።

ጥር 30 ዓርብ፣ ያው ትሪቫንድረም

የግዛቱ በጀት የሚነበብበት ቀን ነበር፣ አጋጣሚ ነው፣ እኔ ግን ወንድሜን "ሆን ብዬ ነው" ብዬዋለሁ። ምክር ቤት ገብቶ ለማየት ፓስ ማውጣት ያስፈልጋል፣ እኛ ቀድመን አላሰብንበትም፣ ስለዚህ ሰፈር ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አየነው። ሻይ 12 ሩፒ፣ ከከፍታ ወደታች እየቀዱ አረፋ ያስነሱታል። የሻይ ቤት ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ በጀት ሲያዳምጥ አይቼ ማመን አቃተኝ፣ እኛ ጋ ኳስ ካልሆነ።

የፋይናንስ ሚኒስትሩ ባላጎፓል ለረጅም ሰዓት አነበቡ። አንክል እየተረጎሙልኝ ነው። ቁጥራቸው አናት ያዞራል፣ ላክ 100 ሺህ ነው፣ ክሮር 10 ሚሊዮን። በጁላይ 2024 ዋያናድ ላይ የመሬት ናዳ መንደር ጠርጎ ስለወሰደ ለመልሶ ማቋቋም የመጀመሪያ ምዕራፍ 750 ክሮር ተመደበ ሲባል ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው የጡረታ ድጎማ ነበር፣ ያኔ በወር 1,600 ሩፒ ነበር፣ ይጨመራል ተብሎ ተወርቶ አልተጨመረም። ሻይ የምትቀዳው ቼቺ ጀበናዋን ጠረጴዛው ላይ ጓ! አደረገችው፣ እናቷ ተረጂ ናት። ቼቺ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ሴት ሁሉ ቼቺ ነው።

ገንዘቡ ከየት ነው ብዬ ጠየቅኩ፣ የፕላን ሰው አይደለሁ? ከ2017 ጀምሮ ጂ ኤስ ቲ የሚባለው አንድ ወጥ ታክስ ሲመጣ ግዛቶቹ ራሳቸው የሚጥሉት ነገር ጥቂት ቀረ፣ ነዳጅ፣ መጠጥ፣ የመሬት ሽያጭ ቴምብር፣ ተሽከርካሪ። ብድርም ቢሆን ጣሪያውን የምትወስነው ዴልሂ ናት፣ ኬረላ ይሄን ተቃውማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከስሳለች። ግዛት ማዕከላዊ መንግሥቱን! አንክል እንደ ቀላል ነገር ነው የሚያወሩት።

መጠጥ ካልኩ አይቀር፣ መጠጥ የሚሸጠው የመንግሥት ሱቅ ነው፣ ቤቭኮ ይባላል፣ ማታ ሰልፉን ብታዩት ድሮ የስኳር ሰልፍ ትዝ ይላችኋል፣ ልዩነቱ ማንም አይጋፋም። ሌላው ሎተሪ ነው። ኬረላ በ1967 የመንግሥት ሎተሪ የጀመረች የመጀመሪያዋ የህንድ ግዛት ናት፣ በየቀኑ ይወጣል፣ አዟሪው በየጥጉ አለ። አንቲ "ለመንግሥት 40 ሩፒ አዋጣ" ብላ አንድ አስቆረጠችኝ።

የካቲት 1 ቅዳሜ፣ ኮታያም

ባቡሩ የሚነሳው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ነው። ቲኬቱ 160 ኪሎ ሜትር ለሚሆን መንገድ 100 ሩፒ እንኳን አይሞላም። መስኮት ዳር ቁጭ ብዬ ኮኮናት፣ ውሃ፣ ኮኮናት፣ ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቤተመቅደስ፣ ኮኮናት እያየሁ... ሁለታችንም እንቅልፍ ጣለንና ኮታያምን አልፈን ነቃን። የሚቀጥለው ጣቢያ ወርደን አውቶብስ ፍለጋ። አውቶብሱ ላይ የተጻፈው በማላያላም ብቻ ነው፣ ፊደሉ ክብ ክብ፣ የሚንከባለል ነው የሚመስለው። ወንድሜ ሁለት ዓመት ኖሮ ማንበብ አይችልም፣ አፈርኩበት። አንድ ቼታ፣ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ክንዴን ይዞ አሳፈረን። ባቡሩ የዴልሂ ነው፣ አውቶብሱ የግዛቱ፣ አንድ ጠዋት ላይ ሁለቱንም መንግሥት ተሳፈርኩ።

ያረፍነው የአንቲ ታላቅ እህት ቤት ነው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ልብ የሚነካው። ሴትየዋ 80 አልፏቸዋል፣ ቲቸር ነው የሚሏቸው፣ በእኛ በ1960ዎቹ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምረዋል! የህንድ አስተማሪ ሲባል እናቴ ሁሌ የምታወራው ነገር ነበር፣ ለካ ብዙዎቹ ከዚህች ግዛት ነበር የሚመጡት። በሩ ላይ ቆመው አዩኝና በጥርት ያለ አማርኛ "ዝም በል! ጠመኔ አምጣ!" አሉኝ። ከዚያ ሳቁ። የቀረቻቸው ይህቺና "በርበሬ" ብቻ ናት። ሽሮ ይዤ ሄጄ ስለነበር ወንድሜ ሰራ፣ ቲቸር ዓይናቸውን ጨፍነው በሉ፣ እኔም ወደ ጓሮ ወጥቼ የጎማ ዛፍ ሳይ ቆየሁ።

የካቲት 2 እሁድ፣ ቅዳሴና የቀበሌ ስብሰባ

ጠዋት ቤተክርስቲያን ሄድን። የማላንካራ ኦርቶዶክስ እህት ቤተክርስቲያናችን ናት፣ በ1965 አጼ ኃይለሥላሴ አዲስ አበባ ላይ የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች ሲሰበስቡ የእነሱም መሪ፣ ካቶሊኮስ ነው የሚሏቸው፣ ነበሩ። ጫማ ማውለቁ፣ ነጠላ መሳይ ሻሽ፣ ወንድ በአንድ ወገን ሴት በሌላ፣ ቋንቋው ባይገባኝም እግሬ መቼ መቆም እንዳለበት ያውቃል። ቲቸር በወጣን ጊዜ እዚህ ኦርቶዶክስና ያዕቆባውያን በሚባሉት መካከል ያለውን የቤተክርስቲያን ይዞታ ክርክር ነገሩኝ፣ በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለኦርቶዶክሶቹ ፈርዶ ማስፈጸሙ ግን ዓመታት ፈጀ። ዳኛው ዴልሂ ነው፣ ፖሊሱ የግዛቱ፣ መራጩ ደግሞ ሁለቱም ጎራ ውስጥ አለ።

ከሰዓት ትምህርት ቤት ውስጥ ግራማ ሳባ ነበር፣ የዋርዱ ማለትም የምርጫ ቀጠናው መራጮች ስብሰባ። ቲቸር ናቸው የወሰዱን፣ ከኋላ ተቀመጥን። ሕጉ በየሦስት ወሩ ይሰብሰብ ይላል፣ ከመራጩ 10 በመቶ መገኘት አለበት። ሰው መጠበቅ ተጀመረ። 8 ሰዓት የተባለው 9 ከሩብ ሆነ፣ እፎይ አልኩ፣ ቤቴ ነኝ። ከመጣው አብዛኛው ሴት ነው፣ ኩዱምባሽሪ ከሚባለው የሴቶች ቡድን፣ በ1998 ግዛቱ ያቋቋመው፣ ከ10 እስከ 20 ሴት እየሆኑ በሰፈር ይደራጃሉ፣ ቁጠባም ንግድም አላቸው። ጎረምሳ አንድም የለም። ወሬው የቤት ጥገና ድጎማ ለማን ይድረስ፣ ፍየል ለማን፣ የዚያች መንገድ ኮንክሪት የት ቆመ። አንዲት ሴትዮ ተነስታ የዋርዱን ተመራጭ፣ እሷም ሴት ናት፣ ጣቷን እየቀሰረች ስትወርድባት ስትወርድባት፣ ተመራጯ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ምን አለች ብዬ ቲቸርን ጠየቅኩ። "ባለፈው ዓመትም ጽፈሽ ነበር ነው የምትላት" አሉኝ።

እኛም ጋ ሕዝብ ይሰበሰባል። ልዩነቱን ሳስብ ገንዘቡ ነው። በ1996 ኬረላ ከግዛቱ የልማት በጀት ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ለታችኞቹ ምክር ቤቶች ለቀቀች፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የተነሳችው ፍየል በእውነት ልትገዛ ትችላለች። እኔ ስብሰባ ስመራ ሰው "እናስተላልፋለን" የምትለውን ቃል ከእኔ አፍ ስንቴ ሰምቶ ይሆን እያልኩ ነበር።

የካቲት 3 ሰኞ፣ ሁለት ቢሮ

የዚህ ጉዞ ትልቁ ግራ መጋባቴ ዛሬ ነው። ቲቸር የመሬት ግብር መክፈል ነበረባቸውና አብሬ ሄድኩ። የሚከፈለው ፓንቻያት ማለትም የተመረጠው የታችኛው ምክር ቤት ቢሮ መስሎኝ ገባሁ፣ ሰልፍ ያዝኩ፣ ቲቸር ከኋላ ጎትተው አወጡኝ። የመሬት ግብር ቪሌጅ ኦፊስ ነው የሚከፈለው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ቢሮ። የቤት ግብር ግን ፓንቻያት ነው። የልደት ሰርተፍኬት ፓንቻያት፣ የገቢ ማስረጃ ቪሌጅ ኦፊስ። የግንባታ ፈቃድ ፓንቻያት፣ መሬቱ የአንተ ነው የሚለው ወረቀት ቪሌጅ ኦፊስ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት መንግሥት!

ቲቸር እንደ ድሮ ተማሪያቸው ቁጭ አድርገው አስረዱኝ፣ ወረቀት ላይ ሁለት መሰላል ሳሉ። አንዱ ከላይ የሚወርድ ነው፣ ከሴክሬታሪያት ወደ ዲስትሪክት ኮሌክተር፣ ከእሱ ወደ ታሉክ፣ ከታሉክ ወደ ቪሌጅ ኦፊስ። ኮሌክተር የሚለው ስም ከእንግሊዝ ጊዜ የቀረ ነው፣ ግብር ሰብሳቢ ማለት። ግዛቷ 14 ዲስትሪክት አላት፣ 14 ኮሌክተር። ሰዎቹ አይ ኤ ኤስ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ያለፉ ናቸው፣ የሚቀጥራቸው ማዕከላዊ መንግሥቱ፣ የሚያሰራቸው ግዛቱ፣ ግዛቱ ያዛውራቸዋል፣ ያግዳቸዋል፣ ማባረር ግን አይችልም። ሌላው መሰላል ከታች የሚወጣ ነው፣ የተመረጡ ሰዎች፣ 941 ግራማ ፓንቻያት፣ ከላያቸው 152 ብሎክ፣ ከዚያ 14 የዲስትሪክት ፓንቻያት፣ ከተማ ላይ 87 ማዘጋጃና 6 ኮርፖሬሽን። ግማሹ ወንበር ለሴት የተያዘ ነው። ጤና ጣቢያው፣ የግብርና ቢሮው፣ የከብት ሐኪሙ፣ ሕፃናት መዋያው በፓንቻያቱ ስር ናቸው፣ ደሞዛቸውን ግን ግዛቱ ይከፍላል።

"ታዲያ የከብት ሐኪሙ አለቃ ማነው?" አልኩ። ቲቸር አሰቡና "ከብቷ ስትታመም የፓንቻያቷ ፕሬዝዳንት፣ ዝውውር ሲፈልግ ሚኒስትሩ" አሉኝ። ደብተሬ ላይ አሰመርኩባት። እኛም ወረዳ ላይ ሴክተር ሁለት አለቃ አለው፣ ሪፖርት ሁለት ቦታ ነው የምንጽፈው፣ ይሄን ለማወቅ ያን ሁሉ ሰዓት መብረር አያስፈልገኝም ነበር።

ምሳ የኩዱምባሽሪ ሴቶች ሆቴል በላን፣ 30 ሩፒ፣ ሩዝ፣ ሳምባር፣ ጎመን መሳይ፣ ኮምጣጣ። ሩዙን ጨምሩ ስትል ይጨምራሉ። እዚህ ጋ ነው አረንጓዴ ባቄላ መስሎኝ ቃሪያ ሙሉውን የጎረስኩት። እኔ የሚጥሚጣ ልጅ ነኝ ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ስለነበር ማልቀሴን በላብ አሳብቤ አለፍኩ።

የካቲት 4 ማክሰኞ፣ ኮቺ

በግዛቱ አውቶብስ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሹፌሩ ክላክሱን እንጂ ፍሬኑን አያውቅም። ኮቺ የደራች የንግድ ከተማ ናት፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እዚህ ነው እንጂ ዋና ከተማዋ ውስጥ አይደለም። በ1949 ትራቫንኮርና ኮቺን የሚባሉት ሁለት የንጉሥ አገሮች ሲዋሃዱ አንዱ ዋና ከተማውን ወሰደ፣ ሌላው ፍርድ ቤቱን። ዕርቅ ማለት ይሄ ነው። ትሪቫንድረም ያለ ሰው ለይግባኝ ሌሊቱን ባቡር ይሳፈራል።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ዋተር ሜትሮ የሚሉት የኤሌክትሪክ ጀልባ አለ፣ በ2023 ነው የጀመረው፣ ቪፒን ወደምትባለው ደሴት 20 ሩፒ ነበር፣ ኤሲ አለው፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ለሙቀቱ ብዬ ሦስቴ ተመላለስኩ። ሌላ የኮቺን ነገር አልጽፍም፣ ቱሪስት የሚያየውን አየን፣ ዓሣ ውድ ነው።

የካቲት 6 ሐሙስ፣ መመለሻ

ትላንት ቀኑን ሙሉ ባቡር ነው፣ ወደ ትሪቫንድረም ተመለስን። ዛሬ ማታ በረራ ስለሆነ ጠዋት አንክልን ለመጨረሻ ጊዜ ስታቹ ውሰዱኝ ብዬ ለመንኳቸው። አጥሩ ላይ አዲስ ሰው ተጨምሯል። አሻ የሚባሉት ሴቶች ናቸው፣ እንደ እኛ ጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ሰኞ ነው የጀመሩት፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ያኔ በወር ይከፈላቸው የነበረው 7,000 ሩፒ 21,000 ይደረግልን ነበር የሚሉት። ፕሮግራሙ የማዕከላዊ መንግሥቱ ነው፣ 7,000ውን የሚከፍለው ግዛቱ ነበር። ግዛቱ ዴልሂ ትጨምር ይል ነበር፣ የዴልሂ ሰዎች ግዛቱ ይጨምር ይሉ ነበር።

አንዷን በአንክል አስተርጓሚነት "ለምን ዴልሂ አልሄዳችሁም?" አልኳት። ከላይ እስከታች አየችኝና "ዴልሂ ሁለት ሌሊት ባቡር ነው፣ እዚህ አንድ አውቶብስ ነው" አለች። ከዚያ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ ስላት አላወቀችውም፣ ስለ ጤና ኤክስቴንሽኖቻችን ስነግራት ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ስንት ይከፈላቸዋል ነው። ነገርኳት። ወደ ሩፒ ቀይራ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው፣ የሳቀም የለም፣ አንዷ ውሃ አቀበለችኝ።

ሻንጣዬን ስዘጋ አንቲ ሙዝ ቺፕስ በኪሎ አጨቀችብኝ፣ በኮኮናት ዘይት የተጠበሰ፣ ቦሌ ስደርስ ሻንጣው ውስጥ ያለ ልብስ ሁሉ ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል። የሎተሪ ትኬቱን እሷ ጋ ትቼው ነበር። በሳምንቱ ወንድሜ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ፣ ከኋላ የአንቲ ሳቅ ይሰማል። 100 ሩፒ ደርሶኛል። "ወስጄ ሁለት አዲስ ቆርጬልሃለሁ፣ የቀረችው 20 የሻይ" ብላለች።